ጉልበት ሲከዳ፦ በየቀኑ የሚራመደው አባቴ ከበርጩማ መነሳት አቃተው

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

አባቴ 72 ዓመቱ ነው። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። መጠጥም ለበዓል ካልሆነ አይነካም። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ አንድ ሰዓት ያህል ወክ ያደርጋል። ዶፍ ካልጣለ በቀር አይቀርም። ጎረቤቱ ሁሉ በጥንካሬው ይቀናበታል። እኔም በዚህ በኩል ሐሳብ አልነበረብኝም።

ባለፈው እሑድ ቡና ተፈላ። ወንበሮቹን እንግዶች ስለያዙ እሱ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አቦሉን ጠጣ። ቶናውን ጠጣ። ስልኩ ጓዳ ውስጥ ሲጠራ ሊነሳ ሞከረ። አልተነሳም። ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ገፋ። ትንሽ ከፍ አለና ተመልሶ ዘፍ አለ። ደገመው። በሦስተኛው የበሩን መቃን ጨብጦ ተነሳ። መቃኑን የያዘው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማንም ምንም አላለም። እናቴ ዓይኗን ወደ ጀበናው መለሰች።

እኛ ጉልበት ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው፤ እግር የሚታጠፍበትንም፣ አቅምንም። ጉልበቴ ከዳኝ የሚል ሰው ሁለቱንም ባንድ አፍ ይናገራል። የአባቴ ግን ግራ አጋባኝ። ጉልበቱን አያመውም። አንድ ሰዓት ሙሉ ይራመዳል። ታዲያ እንዴት ከበርጩማ መነሳት ያቅተዋል? እኔ እንደሚመስለኝ ወክ ለልብና ለሳንባ ነው። የጭን ጡንቻን ብቻውን አያቆየውም። ቁጭ ብድግ መሥራት፣ ክብደት ማንሳት ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። ለሱ ስነግረው ሳቀብኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከጎረምሳ ጋር ጂም ልግባ እንዴ ነው መልሱ። በ72 ዓመት ይጀመራል? የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

*

ከላይ ያለውን የጻፍኩት ከአሥር ሳምንት በፊት ነው። እስከ ዛሬ 38 መልስ ተጽፎበታል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ሁሉንም ማንበብ ስለከበዳቸው እስኪ ጨምቀህ ንገረን አሉኝ። የሰውን ጽሑፍ ሳልገለብጥ፣ በራሴ አነጋገር፣ ቁጥሩን እየጠቀስኩ እነግራችኋለሁ።

1ኛ ላይ የጻፈችው እህት ለአባቴ ዕድሜና ጤና ተመኘች። የሷም እናት እንደዚያው መሆናቸውን ነገረችን። እርጅና ራሱ በሽታ ስለሆነ ሽማግሌን ማስጨነቅ ጥሩ አይደለም የሚል ሐሳብ አላት። በርጩማውን አንስቼ ከፍ ያለ ወንበር እንድገዛ መከረችኝ። 2ኛው በዚህ ተስማማና ሰፈሩ ያሉ ጎበዝ ወጌሻ በቅባት እግራቸውን ቢያሹዋቸው እንደሚሻላቸው ጨመረበት። ሁለቱም በቀና ልብ ነው የጻፉት። ግን እውነቱን ልናገር፣ ልቤ አልተቀበለውም። በርጩማውን ብደብቀው የአባቴ ጭን አይመለስም።

3ኛው መልስ ነገሩን ሁሉ ቀየረው። የጻፈችው አዲስ አበባ የምትሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። መጀመሪያ አባቴን በአንቱታ ሰላም አለች። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባች። ሰው ከ30ዎቹ ዕድሜው ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ከጡንቻው ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል እያጣ እንደሚሄድ፣ ከ60 በኋላ ደግሞ መቀነሱ እንደሚፈጥን አስረዳች። ለዚህ ሳርኮፔኒያ የሚባል ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ዓ.ም. ካላልኩ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው። ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ ቶሎ የሚኮማተረው የጡንቻ ዓይነት ነው። ከመቀመጫ ብድግ የሚያደርገን፣ ስንደናቀፍ እግራችንን ፈጥኖ የሚያቆምልን እሱ ነው። ሜዳ ላይ ዝግ ብሎ መራመድ ይህን ጡንቻ ብዙም አይቀሰቅሰውም። አባቴ ወክ እያደረገ ያጣው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያም ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ካለ በኋላ በዚያ አያበቃም፤ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ እንዲጨመር ይላል። አባቴ የመጀመሪያውን አሟልቷል። ሁለቱን ግን ማንም ነግሮት አያውቅም።

እሷው ቤት ውስጥ የሚሠራ መለኪያ ሰጠችኝ። ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ወንበር ግድግዳ ታስደግፋለህ። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ ይቀመጣል። በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆሞ እንደሚቀመጥ ትቆጥራለህ። ከ70 እስከ 74 ዓመት ላለ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ የመውደቅ አደጋ አለ ማለት ነው። ለሴት በዚያው ዕድሜ 10 ነው።

4ኛው ሰውዬ ችግሩ የእርምጃው ማነስ እንደሆነ እርግጠኛ ነበር። ስልክ ላይ የሚቆጥር መተግበሪያ ጭኜ አባቴ በቀን 10,000 እርምጃ እስኪሞላ እንዳይመለስ እንዳደርግ አዘዘኝ። 5ኛው የራሴ ነው። አባቴን አሳምኜ ለካሁት። 7 ሆነ። ሰባተኛው ላይ ፊቱ ቀላ፤ ስምንተኛውን ሊሞክር ሲል ሰዓቱ አለቀ። የሒሳብ መምህር ነውና ቁጥር ያሳምነዋል። 12 መሆን እንደነበረበት ስነግረው ዝም ብሎ ወንበሩን አየው። ሁለተኛ አልሳቀብኝም።

6ኛ ላይ ቁጣ የቀላቀለ ሰው ገባ። አያቱ መንዝ ውስጥ እስከ 81 ዓመታቸው በሬ ጠምደው ያርሱ ነበር። ጂም በዓይናቸው አላዩም። ስፖርት የሚባለው የጠገበ ከተሜ ጨዋታ ነው፣ ገበሬው ምን ጎደለው ነው ክርክሩ። 7ኛዋ ፈጥና መለሰችለት። አያቱ ሞፈር ተሸክመው ሲወጡ፣ ማረሻ ጨብጠው ሲጫኑ፣ ኩንታል ሲያነሱ፣ መሬት ቁጢጥ ብለው ሲነሱ የኖሩት ስም ያልወጣለት ክብደት ማንሳት መሆኑን በትሕትና አስረዳችው።

ለኔ ከ38ቱ በጣም የጠቀመኝ ይህ ነው። ሰውየው ተቃወምኩ ብሎ የጻፈው ለኔ ማስረጃ ሆነልኝ። ያን ቀን ማታ ቤታችንን በሌላ ዓይን አየሁት። ውሃ ከቧንቧ ይቀዳል። እህል ተፈጭቶ ይመጣል። ሶፋው ያሰጥማል፤ ክንዱን ሳይዙ አይነሱበትም። ከባድ ዕቃ ሲመጣ እኔ አነሳለሁ፤ አባቴን አንተ ተወው፣ አንተ ተቀመጥ እለዋለሁ። ማክበሬ ነበር። ከገበያ የመጣ ዘንቢል ከእጁ ስንቀበለው፣ ጄሪካን ስንነጥቀው፣ ሸክም የሚባል ነገር ከሕይወቱ አጠፋንበት። ልጅ ያላችሁ ሁሉ ይህን ብታስቡበት ደስ ይለኛል።

8ኛው መልስ ለ4ኛው ነበር። አሥር ሺህ የሚለው ቁጥር ከሐኪም የመጣ እንዳልሆነ፣ በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ እርምጃ ቆጣሪ መሣሪያ ስሙ ራሱ የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ እንደነበር ጻፈ። በ2019 የወጣ ጥናትም አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ሴቶችን ተከታትሎ፣ በቀን 4,400 እርምጃ ያህል የሚሄዱት 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ከ7,500 ገደማ በላይ ግን ጥቅሙ ብዙም አልጨመረም። 4ኛው ይህን በክፉ ወሰደው። ራሱ በእርምጃ 14 ኪሎ ቀንሶ ሳለ ከመጽሐፍ ቃርሞ የሚያርመው ሰው አስቆጣው። ትንሽ ተነካከሱ። የሁለቱም ሐሳብ ቦታ አለው። ከተቀመጡበት ለማስነሳት አንድ ሰው 10,000 ቢረዳው ጥሩ ነው። ያልደረሰበት ሰው ግን ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

9ኛው ዲያቆን ይመስለኛል። ስግደትን አነሳ። የ78 ዓመት አያቱ ሌሊት ተነስተው 40 ጊዜ እንደሚሰግዱ፣ ከመሬት ሲነሱ እሱ ራሱ እንደሚገረም ጻፈ። 10ኛው በጣም ተቆጣ። ስግደት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ አምልኮ ነው፣ ከቁጭ ብድግ ጋር መደባለቅ ድፍረት ነው ሲል ገሠጸው። ነገሩ ሊበላሽ ሲል 11ኛ ላይ አንድ ሙስሊም ወንድም ገባ። የሱም አባት በቀን አምስት ጊዜ ከሱጁድ ሲነሱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ወንበር ላይ መስገድ ሲጀምሩ ሰውነታቸው ቶሎ እንደተለወጠ በሐዘን ተረከ። አምልኮው ለፈጣሪ እንደሆነ፣ ለሰውነት የሚተርፈው ደግሞ በረከት እንደሆነ በለሰለሰ ቃል አስታረቃቸው። 12ኛ ላይ ዲያቆኑ ይቅርታ ጠየቀ፤ 10ኛውም ተቀበለው።

ይህን ሳነብ ያለፈው ስቅለት ትዝ አለኝ። ሕዝቡ ሁሉ ሲሰግድ አባቴ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፎ ከወገቡ ብቻ ያጎነብስ ነበር። ጾሙ ያደከመው መስሎኝ ነበር። ለካ መውረድ ይችላል፤ መነሳቱን ነው የፈራው። አንድ ዓመት ሙሉ ምልክቱ ፊቴ ነበር።

ከ13 እስከ 16 ያለው ወደ ምግብ ሄደ። 13ኛው ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይገነባም አለ፤ ትክክል ነው። ለአረጋውያን የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው። 65 ኪሎ ለሚመዝነው አባቴ ከ65 እስከ 78 ግራም ይሆናል። ስለዚህ በየቀኑ እንቁላል ይብላ አለ። 14ኛዋ ዓመቱን ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሰው ላይ እንዲህ ዓይነት ምክር መስጠት ሃይማኖቱን አለማክበር ነው ብላ መለሰችለት። 15ኛዋ ነርስ ናት። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ሽሮ በደንብ ከተበሉ ሩቅ እንደሚያስኬዱ አሳየች። 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው። ችግሩ ሽማግሌዎቻችን በጾም ቀን እንጀራውን በወጡ ጠቅሰው መነሳታቸው ነው። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ ስትል አጥብቃ አሳሰበች። 16ኛው የዱቄት ማሟያ ሊሸጥ የገባ ነበር። አስተዳዳሪው አጠፋው፤ ደግ አደረገ።

17ኛ ላይ የጻፉት የ68 ዓመት አባት ናቸው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖሩት። ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ወገባቸውም ጉልበታቸውም መሪ ላይ እንደቀረ ይናገራሉ። ክረምቱን መጀመሪያ ከጓደኞቻቸው ጋር የገበያ አዳራሽ ውስጥ እየዞሩ ነበር የሚራመዱት፤ በረዶ ላይ መውጣት ስለሚያስፈራ። በኋላ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ዕቅዳቸው ሲልቨር ስኒከርስ የሚባል ጥቅም እንዳለው ልጃቸው ነገረቻቸው። በሱ ጂም በነፃ ይገባሉ። መጀመሪያ ቀን አፍረው ነበር። አጠገባቸው የ80 ዓመት አሮጊት በሁለት እጃቸው ዳምቤል ሲያነሱ አይተው እፍረቱ ለቀቃቸው። ባለፈው ክረምት መኪና ማቆሚያ ላይ በረዶ አንሸራተታቸው። አንድ እግራቸው ሲሄድ ሌላው ያዘላቸው። አልወደቁም። በታክሲው ዘመን ቢሆን ዳሌዬ ይሰበር ነበር ብለው ያምናሉ። እዚያ አካባቢ ወላጅ ያላችሁ፣ ጥቅሙ በሁሉም ዕቅድ ውስጥ ስለሌለ ኢንሹራንሳቸው ይህን ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁላቸው። ሳያውቁት የሚቀር ብዙ ነው።

18ኛው በዚህ ተናደደ። አሜሪካ ያለ ሰው ነፃ ጂም ሲያወራ አዲስ አበባ ላይ ሽማግሌ የሚራመድበት የእግረኛ መንገድ እንኳ ተቆፍሮ ነው ያለው አለ። አልተሳሳተም። ግን ከዚያ ወዲያ እስከ 20 ድረስ ወሬው ስለ መንገድ ሆነ። አንዱ መስቀል አደባባይ ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሉትን ሽማግሌዎች አነሳ። ሌላው በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን መንገድ ለሰው አስታወሰ፤ መኪና የቆመበት እሑድ እናቱ አስፋልት መሐል እጃቸውን እያወዛወዙ ሲሄዱ እንደ ልጅ መሆናቸውን ጻፈ።

21ኛው መልስ ከሁሉ የከረረ ነው። በቀጥታ ለኔ ነው የተጻፈው። አጎቱ በ70 ዓመታቸው አንድ ጂም ገብተው፣ ልጅ እግር አሠልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ብረት አሸክሟቸው፣ ወገባቸው ተይዞ ወር ሙሉ አልጋ ላይ ዋሉ። አባትህን ልትገድል ነው ወይ እስከ ማለት ደረሰ። ስሙን ጠርቶ ያልከሰሰውን ያን ጂም እኔም አላውቀውም። ቁጣው ግን ገባኝ። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እቆጣ ነበር።

ባለሙያዋ 22ኛ ላይ ተመለሰች። ሰውየውን አልተጣላችውም። በአጎቱ አዘነች። ጥፋቱ ማንሳቱ ሳይሆን መጠኑ ነው፤ ሰው ከሚችለው ጀምሮ ነው በጥቂት በጥቂቱ የሚጨምረው አለች። ከዚያ በ1990 ቦስተን ውስጥ ስለተሠራ ጥናት ነገረችን። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚኖሩ፣ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው አሥር ሰዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት አነሱ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። 23ኛው የስታቲስቲክስ ሰው ነው መሰል፣ አሥር ሰው ጥናት ነው እንዴ ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው። 24ኛ ላይ እሷም ያን አምና፣ በ2009 ግን 121 ሙከራዎችንና 6,700 ያህል ሰዎችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ ወጥቶ ክብደት ማንሳት አረጋውያንን እንደሚያጠነክር፣ ከወንበር መነሳትንም እንደሚያቀልላቸው ማረጋገጡን ጨመረች። 21ኛው ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

25ኛዋ ዱባይ የምትሠራ እህት ናት። እናቷ ደሴ ናቸው። ማታ ሥራ ስትጨርስ በስልክ ምስል እየተያዩ ያሠራቻቸዋል። ክብደታቸው ውሃ የተሞላ ሁለት ሀይላንድ ነው። እናትየው በር ዘግተው ነው የሚሠሩት። ጎረቤት ካየ አበደች ይሉኛል ብለው ይፈራሉ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ድንገት ገባች። ሀይላንዱን ቀሚሳቸው ሥር ሊደብቁ ሲሉ አንዱ ተንከባለለ። ጎረቤትየዋ ሁሉንም ከጠየቀች በኋላ በማግስቱ የራሷን ሀይላንድ ይዛ መጣች። አሁን አራት ሴቶች ናቸው። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እህታችን እናቷን ካየች ስድስት ዓመቷ ነው።

26 እና 27 ስለ አትሌቶች ነው። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ ሙኒክ ላይ ነሐስ ሲወስድ 40 ሆኖታል። ቀነኒሳ በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቷል። 27ኛው ደግሞ በ73 ዓመቱ ማራቶንን በ2:54:48 የጨረሰውን ካናዳዊ ኤድ ዊትሎክን ጠቀሰ። ከዚያ የምሩጽ ይፍጠር ዕድሜ ስንት ነበር የሚለው የድሮ ክርክር ተነሳ። እዚያ አልገባም።

28ኛው ግን ሁሉንም ዝም አሰኘ። 66 ዓመቱ ነው። ስትሮክ ግራ ጎኑን ይዞታል። ስለ መነሳትና መራመድ ብቻ ስናወራ እሱ ለመሰሉ ምን እንዳለን ጠየቀ። በአንድ እጁ ነበር የጻፈው። ባለሙያዋ በዚያው ሰዓት መለሰችለት፤ 29ኛ ላይ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ በደህናው እጅ ክብደት መያዝ፣ ደካማውን በደህናው እያገዙ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል አስረዳች፤ መጀመሪያ ግን ባለሙያ በአካል እንዲያየው ለመነችው። 30ኛው አበበ ቢቂላን አስታወሰው። በ1969 መኪናው ተገልብጦ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ በማግስቱ ዓመት እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውድድር ተሳትፏል። 28ኛው በአንዲት ቃል አመሰገነ።

31ኛ ላይ ነርሷ ስለ ጥንቃቄ ጻፈች። ይህን ወላጆቻችሁን ከማሠራታችሁ በፊት አንብቡ። ግፊት ያለበት ሰው ሲነሳ ትንፋሹን መያዝ የለበትም፤ ሲነሳ ያውጣ፣ ሲቀመጥ ያስገባ። የግፊት መድኃኒት አንዳንዱን ሰው ድንገት ሲቆም ያዞረዋል፤ ቀስ ይበል። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ታማሚ ከረሜላ ኪሱ አይጥፋ። ደረት ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ራስ ከዞረ ወዲያው ማቆምና ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። በማግስቱ ጭን ቢዝል ያለ ነው። መገጣጠሚያ ቢያብጥ ግን የተሳሳተ ነገር አለ።

32ኛው ከኔታንያ ነው። አያቱ ጎንደር ገበሬ ነበሩ። እስራኤል ሲገቡ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት ያለው ቤት ደረሳቸው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከዘራ ያዙ። አያቱ ሴቷ ግን ከሕንፃው ጀርባ ትንሽ ቦታ አግኝተው በቆሎና ጎመን ተከሉ። አሁን እሳቸው ናቸው ባላቸውን የሚያነሱት። 6ኛው ሰውዬ ይህን አይቶ 33ኛ ላይ ተመለሰ። የመንዙ አያቱም ከተማ ከመጡ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደደከሙ አሁን ማስታወሱን ጻፈ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

34ኛው የኔ ነው፤ ያደረግነውን ነው የዘረዘርኩት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት፣ ከወኩ በኋላ ሃያ ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ጋቢ አራት እጥፍ አድርገን ከፍ አደረግነው። ከዚያ ላይ ስድስት ጊዜ ይነሳል፤ ያርፋል፤ ሦስት ዙር። በሦስተኛው ሳምንት ጋቢውን አነሳን። በስድስተኛው አንድ ሊትር ሀይላንድ ደረቱ ላይ ይዞ መነሳት ጀመረ። ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ አለ። ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝ ማንሳት አለ። በአንድ እግር አሥር ሴኮንድ መቆም አለ፤ እኔ አጠገቡ ሆኜ። ከገበያ ሲመለስ ዘንቢሉን አንቀበለውም። እናቴ ይህ በጣም ከብዷታል። በር ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ ትመልሰዋለች።

አባቴ ባለ ካሬ ደብተር አወጣ። ቀኑን በአግድም፣ ቁጥሩን በቁም አድርጎ ግራፍ ይሠራል። በቀይ እስክሪብቶ 12 ላይ መስመር አስምሯል። ባለፈው ዓርብ በ30 ሴኮንድ 11 ደረሰ።

ከ35 እስከ 37 ደስ አላቸው፤ ከነሱ አንዱ 4ኛው ሰውዬ ነው። እሱም ከእርምጃው ጎን ቁጭ ብድግ እንደጀመረ ነገረን። 38ኛው ትናንት ማታ የተጻፈ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለበት፤ ያ በርጩማ ቁመቱ ስንት ነው?

ዛሬ ጠዋት በሜትር ለካሁት። 31 ሳንቲሜትር ነው። ወንበሩ 45 ነው። አባቴ ሜትሩን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ደግሞ ለካ። አልተሳሳትኩም። 14 ሳንቲሜትር ይቀረናል አለኝ። በሳምንት ሁለት ሳንቲሜትር ዝቅ ካልን ሰባት ሳምንት ነው። ከሥር አሮጌ መጻሕፍት እየደረደርን እንቀንሳለን፤ ወፍራሞቹን መርጦ አውጥቷል። ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ገልጦ፣ ከላይ በርጩማ ብሎ ጻፈና ካሬዎቹን መቁጠር ጀመረ።